የጠዋቱ ለፈተና፣ የከሰዓቱ ለኑሮ

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነፋስ ስልክ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ትምህርት ቤቱ ተማሪ ስለበዛበት የሚያስተምረው በፈረቃ ነው፤ የእኔ የጠዋቱ ነበር። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደወል ሲደወል ጠመኔውን ከእጄ አራግፌ እወጣለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን የራሴ ነው። መንግሥት ለአንድ መምህር ግማሽ ቀን ሲለቅለት እንዲያነብበት፣ ደብተር እንዲያርምበት፣ ራሱን እንዲያሻሽልበት አስቦ ይሆናል። እኔ ቃምኩበት።

የምንቅመው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ አንድ የቀድሞ ሠራዊት ሃምሳ አለቃ በተከራያት ክፍል ውስጥ ነው። ሠራዊቱ ሲበተን ሰውየው ይዞት የመጣው ነገር ቢኖር አንድ ካፖርትና የትእዛዝ ድምፁ ነበር። የበርጫችን ሕግ አውጪም፣ ዳኛም፣ ፖሊስም እሱ ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። የዜና ሰዓት ሲደርስ ሬዲዮ ይዘጋል። ከሁሉም በላይ ግን ክፉ ወሬ ይዞ መግባት ክልክል ነው። የሰው ምርቃና መስበር እንደ እሱ አባባል ዘብ ላይ ተኝቶ እንደመገኘት ነው። አንድ ጊዜ ከመካከላችን የአንዱ አክስት አርፈው መርዶ ነጋሪዎች ሲመጡ በር ላይ አቁሞ፣ «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠብቁ» ብሏቸዋል። ጠበቁ። ባለ መርዶውም ከዓመት በኋላ ሲያመሰግነው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከቃሚዎቹ ሁሉ የእኔ ሰው ሹፌሩ ነበር። ልጆች ሆነን ያደግነው አንድ ግቢ ነው፤ እኔ ትምህርቱን ገፋሁ፣ እሱ መሪ ያዘ። ከነፋስ ስልክ ለገሀር የሚመላለስ ውይይት ታክሲ ጠዋት ጠዋት ይነዳና ሰባት ሰዓት ላይ ለሌላ ሹፌር አስረክቦ ይመጣል። እንደ እሱ ያለ ጠንቃቃ ሹፌር አላየሁም። መኪናውን ከማስነሳቱ በፊት ዘይት ይለካል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ሞተሩን ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል። ፍሪሲዮን ላይ እግሩን አሳርፎ የሚነዳ ሰው ሲያይ ያመዋል። «ቤንዚንና ፍሬን ባንዴ የሚረግጥ ሰው የሚገባው መንጃ ፈቃድ ሳይሆን ክስ ነው» ይል ነበር። ለገዛ ደረቱ ግን አንድ ቀን እንኳ ዘይት ለክቶለት አያውቅም።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ጫት ሰውን ያነቃል፣ ምላስ ይፈታል፣ ልብን ያስጋልባል። ምርቃና የሚባለው ይህ ነው። በምርቃና ያልሠራነው የለም። ሃምሳ አለቃው የአሰብን ወደብ በትንሹ ሁለት ጊዜ አስመልሷል። እኔ ሦስት መጽሐፍ ጽፌአለሁ። ሹፌሩ ከነፋስ ስልክ ለገሀር የከተማ ባቡር ዘርግቷል፤ ይህኛው ከብዙ ዓመት በኋላ በእውን ተሠርቷል፣ እሱ ግን አልተሳፈረበትም። ችግሩ እንዲህ የነቃ ሰው እራቱን መብላትም መተኛትም አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ምርቃናው በመጠጥ ይሰበራል። ይህ ጨብሲ ይባላል። ከሃምሳ አለቃው ሦስት በር አልፎ አንዲት አረቄ ሻጭ ነበሩ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እሳቸው ጋ ገብተን የሠራነውን ሁሉ እናፈርሳለን።

አንድ ቀን ከሰዓት ሹፌሩ ጫቱን እየቀነጠሰ ሳለ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። «ሰሞኑን ልቤ ማርሽ እየሳተች ነው። ትሮጥና ትቆማለች፣ ትሮጥና ትቆማለች። ይሄ ጫቱና አረቄው ባንድ ላይ ሲሆን ጉዳት የለውም?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የመረቀነ ሰው አፍ ውስጥ «አላውቅም» የሚል ቃል አይገኝም። ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ ያስተማርኩት ስለ ልብ ነበር፤ ጠመኔው ከጥፍሬ ስር ገና አልለቀቀም።

«ስማ» አልኩት፣ ጀርባዬን ትራሱ ላይ እያስደላደልኩ። «ጫት የልብን ምት ያፈጥናል። አልኮል ያረጋጋል። አንዱ መደመር ነው፣ ሌላው መቀነስ። አንድ ሲደመር አንድ ሲቀነስ ስንት ይመጣል?»

«ዜሮ!» አለ ሃምሳ አለቃው እንደ ምልምል ወታደር ቀጥ ብሎ።

«ዜሮ» አልኩ እኔም። «እንዲያውም የሚጎዳው ቅሞ ሳይጨብስ የሚያድር ሰው ነው።»

ይህን የትም አላነበብኩም። ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጉንጬ ነው የወጣው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ግን መመለሻ አልነበረውም። በሳምንቱ አረቄ ሻጯ ዘንድ «አንድ ቅጂልኝ» የሚል ሰው ጠፋ፤ ሁሉም «እስቲ ዜሮ አድርጊልኝ» ሆነ። የማላውቃቸው ሰዎች መንገድ ላይ ባርኔጣቸውን አነሱልኝ። አሥር ዓመት አስተምሬ ያስተማርኩት ነገር እንዲህ በሰፈር ሲሠራበት ያየሁት ይህን ብቻ ነው።

ሁዳዴ ሲገባ የሹፌሩ ሚስት ይተዋል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ባላቸው ጥሩ ክርስቲያን ነው፤ ወር በገባ በአሥራ ዘጠኝ ብስራተ ገብርኤል ሳይሳለም መኪናውን አያስነሳም። እሱ ግን «ጫት ቅጠል ነው፣ አረቄ እህልና ጌሾ ነው፤ ሁለቱም የጾም ናቸው» አላቸው። በዚያው ሰሞን ሽሮው ቅቤ የነካው ማንኪያ ገብቶበታል ብሎ ሳህን መልሷል።

ሴት ልጁ አሥረኛ ክፍል የእኔ ተማሪ ነበረች። ጠዋት «ቲቸር»፣ ሰፈር ስታገኘኝ «ጋሼ» ነው የምትለኝ። ዝምተኛ ናት፤ ከቦርድ የገለበጠችውን ነገር ግን እንደ ሌሎቹ ገልብጣ አትተወውም፣ ታስብበታለች። እንደሚታወቀው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። መምህሩ በቅጡ በማይናገረው ቋንቋ ይጽፋል፣ ተማሪው በቅጡ ሳይገባው ይገለብጣል፣ ፈተና ላይ ያንኑ ይመልሳል፤ ሁለቱም ወገን ተደስቶ ይለያያል። ፈተና ላይ አማርኛ የጻፈ ተማሪ ነጥብ እንዲቀነስበት እንኳ ደንብ ነበረን።

ስለ ልብ ቦርዱ ላይ የጻፍኩት ከመምህሩ መምሪያ የተቀዳ ነው። አልኮል የልብን ጡንቻ ያዳክማል። አነቃቂ ነገሮች ልብን ያለ ዕረፍት ያሠራሉ። የሞቱ የልብ ሴሎች አይተኩም፤ በቦታቸው ጠባሳ ይቀራል። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ልጅቷ እቤቷ ወስዳ፣ ወደ አማርኛ መልሳ፣ እራት ላይ ለአባቷ አነበበችለት። ይህን የሰማሁት ከራሱ ነው፤ በማግስቱ በርጫው ሲደምቅ አመጣው።

«ልጄ ትናንት አስተማረችኝ» አለ ሹፌሩ እየሳቀ። «የልብ ሴል ከሞተ አይተካም፣ አረቄ የልብን ጡንቻ ያዳክማል፣ ቲቸር ነው ያለው አለችኝ። እኔ ምን አልኳት? ‹ልጄ፣ የጠዋቱ ለፈተና ነው። ለኑሮ የሚሆነውን ጋሼሽ ለኛ ከሰዓት በአማርኛ ይነግረናል› አልኳት።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሃምሳ አለቃውን ከሳቁ ብዛት ጫቱ ትን አለው። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት ግን እኔ ነኝ። ያ ሳቅ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ልጅቷ ክፍሉ ባዶ እስኪሆን ጠብቃ መጣች።

«ቲቸር፣ ቦርድ ላይ የጻፉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ለአባዬ ይንገሩልኝ። እኔ ስነግረው አያምነኝም። እርስዎን ግን ያምናል።»

«እሺ፣ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ» አልኳት።

ሄድኩም። ልነግረው አፌን ስከፍት የበለጬ ጫት ገባበት።

ክረምቱ ሲወጣ የሹፌሩ እግር ማበጥ ጀመረ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ሲገባ የካልሲው ላስቲክ ያረፈበት ቦታ በጣት የተማሰ ይመስል ነበር። ከመኪናው ማቆሚያ እስከ ሃምሳ አለቃው በር ድረስ ያለችውን አጭር መንገድ ሁለቴ ቆሞ ነው የሚጨርሳት። ካለ ሦስት ትራስ መተኛት አልቻለም። «መቀመጥ ያበዛ ሹፌር ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም» ተባለ፤ ሃምሳ አለቃው እግሩን በሞቀ የጨው ውሃ እንዲዘፈዝፍ አዘዘው።

አንድ ከሰዓት እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። «እስቲ ቁጠርልኝ» አለኝ።

ጣቴን አንጓው ላይ አሳርፌ ሰዓቴን እያየሁ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ዝም። ከዚያ ሦስቱ ባንዴ፣ እርስ በርስ እየተጋፉ። ከዚያ እንደገና ዝም። ይህን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር። ሁሉም ማኘኩን አቁሞ አፌን ያያል። ሃምሳ አለቃው ደግሞ ሕጉን በዓይኑ ያስታውሰኛል። በዚያች ደቂቃ ጓደኛዬን አንስቼ ሐኪም ቤት መውሰድ እችል ነበር። ግን ገና ስምንት ተኩል ነው፤ ምርቃናው ገና እየመጣ ነው።

«ሸጋ ነው» አልኩ። «ማታ ዜሮ ስታደርገው ይስተካከላል።»

ዋሸሁ። ከአንድ ሰው ልብ የአራት ሰው ምርቃና በለጠብኝ። ይህን ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ዓመት ሞክሬ አልሆነልኝም።

የወደቀው ሥራ ላይ ነው፣ ጠዋት፣ ተሳፋሪ ጭኖ። ወደቀ ማለት ግን አይቻልም። ፍሬቻ አብርቶ ዳር ያዘ፣ ማርሹን ነጻ አደረገ፣ የእጅ ፍሬን ሳበ፣ ሞተር አጠፋ፣ ተሳፋሪዎቹን «በቀኝ በኩል ውረዱ፣ መኪና እንዳይገጫችሁ» አላቸው፣ ከዚያ ግንባሩን መሪው ላይ አሳረፈ። ከተሳፋሪዎቹ አንዲት እናት፣ «እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ሕመምተኛ አላየሁም» ይሉ ነበር።

ሐኪም ቤት እኔና ሃምሳ አለቃው ደረስን። ሐኪሙ ውጭ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። የደረቱን ራጅ መስኮት ላይ ለጥፎ አሳየን። ጠዋት ጠዋት ለተማሪዎቼ «ልብ የገዛ ቡጢያችሁን ታክላለች» እያልኩ ቡጢዬን አነሣ ነበር። ራጁ ላይ ያለችው ሁለት ቡጢ ታክላለች።

«ይቅማል?» አለ ሐኪሙ። «ከዚያስ ይጠጣል?»

«የለም፣ ዜሮ ነው የሚያደርገው» አለ ሃምሳ አለቃው በኩራት፤ ከዚያም መደመሩንና መቀነሱን አንድ በአንድ አስረዳው።

ሐኪሙ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «ማነው ይሄን ያላችሁ?»

እኔ ጫማዬን አየሁ። ሃምሳ አለቃው በሕይወቱ ጓድ አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም። «ሰፈር የሚባል ነው» አለ።

«እኔ በተማርኩበት አገር ኮኬይን የሚሉት ነጭ ዱቄት አለ» አለን ሐኪሙ። «ሰዎቹ እሱን ይወስዱና ለማብረድ ብለው ይጠጡበታል። የሚያስቡት ልክ እንደናንተ ነው። ጉበት ግን ሁለቱን ባንድ ላይ ስታገኝ ሦስተኛ ነገር ትሠራለች። ያ ሦስተኛው ለልብ ሴሎች ከሁለቱም የባሰ መርዝ ነው። የናንተን ቅጠል ከአረቄ ጋር እንዲህ አብጠርጥሮ ያጠና ሰው ስለመኖሩ አላውቅም። እኔ እዚህ አልጋ ላይ የማየውን ግን ልንገራችሁ፤ አረቄው ምርቃናውን ያጠፋላችኋል እንጂ ልብ ላይ ያረፈውን አያነሳም። ሰውነት ውስጥ መቀነስ የለም። ሁሉም መደመር ነው።»

ደጅ ስንወጣ ሃምሳ አለቃው አማተበ። «ተመስገን ነው! እኛ እኮ ኮኬይን የሚባል ነገር በዓይናችን አይተን አናውቅም» አለ።

ያን ዕለት ከሰዓት ስለ ጓደኛችን ጤና ለመመካከር ተቀመጥን። ያለ ጫት ደግሞ ምክክር የለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከተወያየን በኋላ በሙሉ ድምፅ የተወሰነው ጥፋቱ የጉበት ነው የሚል ነበር። ሁለት የታወቁ ነገሮች ሰጥተናት ያልታዘዘችውን ሦስተኛ መጥመቅ ምን አመጣው? እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ጫቱ ግን አፌ ውስጥ ሣር ሣር ይለኝ ጀመር፤ ሳልጨብስ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ሳልቅም ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሚስትየው ከብስራተ ገብርኤል ያመጡትን ጠበል በኩባያ ያጠጡታል። ልጅቷ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች እግርጌው ቆማለች። ስታየኝ «ቲቸር» አለችኝ፤ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ሹፌሩ ትራሶቹ ላይ ቀና አለ።

«መምህር፣ እንኳን መጣህ። ሐኪሙ ሁለቱንም ተው አለኝ። ሐኪም ሥራው ነው፣ እንዲህ ይላል። አንተ እውነቱን ንገረኝ። የከሰዓቱን።»

«ሁለቱንም ተው» አልኩት። «እውነቱ ቦርድ ላይ የጻፍኩት ነው፣ ልጅህ ያነበበችልህ። ያ የዜሮ ነገር ከጉንጬ የወጣ ነው። እጅህን ይዤ የቆጠርኩ ቀንም ዋሽቼሃለሁ።»

ፊቴን አየኝ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ጉንጬ ወረደ። ፈገግ አለ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሚያውቀኝ ሰው።

«ዛሬ አልቃምክም አይደል?»

«አልቃምኩም።»

«እኔም ብያለሁ። ዱካክ ይዞህ ነው። ሰው ሳይቅም ሲቀር እንዲህ ሁሉ ነገር ይጨልምበታል። ነገ ቅመህ ና፣ ያኔ እናወራለን።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው፤ ጅቡ ከሄደ በኋላ የጮኸው ውሻ እኔ ነኝ።

ከሐኪም ቤት ወጥቶ ወደ በርጫው ተመለሰ፣ ኪኒኑን ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞ። በአንድ ጉርሻ ጫት፣ በአንድ ጉንጭ ውሃ ኪኒን፣ ማታ አረቄ። ኪኒኑንም ከመቀነስ ወገን ቆጠረው። ታገስኩ፤ በሁለተኛው ሳምንት አልቻልኩም። ሁሉም በተሰበሰበበት፣ ምርቃናው አናት ላይ ሲወጣ ጠብቄ፣ «ይሄ ሰው እየሞተ ነው፣ የሐሰት ምስክሩም እኔ ነኝ» አልኩ። ሃምሳ አለቃው ቀስ ብሎ ተነሥቶ ጫማዬን ከበር ላይ አንሥቶ አመጣልኝ። ሹፌሩ ራሱ፣ «አይዞህ፣ ሲሻልህ ትመጣለህ» ብሎ ሸኘኝ።

ከጥምቀት በፊት ሞተ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሦስቱንም ቀን ካርታ ተጫወትን፣ እንደ ወጉ። ጥግ ይዘው የሚቅሙ ነበሩ፤ ለኀዘኑ ነው ተባለ። አመሻሽ ላይ አንዱ መለኪያውን ወደ ባዶው ወንበር አነሣ አድርጎ «ለነፍሱ ዜሮ» ሲል ሰማሁ። ሃምሳ አለቃው አጠገቤ ተቀምጦ፣ ያን ካፖርት ፊቱ ላይ ስቦ፣ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር። «ዘብ ላይ ተኝተን ነው፣ መምህር» አለኝ። «ሁላችንም ዘብ ላይ ተኝተን ነው።»

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ከለቅሶው በኋላ ሆነ፤ ልጅቷ አሥራ አንደኛ ብትገባም የማስተምራት አሁንም እኔ ነበርኩ፣ ከአምናው ትምህርትም እጠይቅ ነበር። ጥያቄዎቹን አዘጋጅቼ ለማባዣ የሰጠሁት ገና እሱ በሕይወት እያለ ስለነበር ምን እንደጠየቅኩ ረስቼዋለሁ። ልጅቷ ዩኒፎርሟ ላይ ጥቁር ሻርፕ ጣል አድርጋ መጣች፣ ተፈተነች፣ ቀና ሳትል ወጣች።

ወረቀቶቹን ከሰዓት በኋላ ቤቴ ቁጭ ብዬ አረምኩ፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም። የእሷ ላይ ስደርስ አሥራ አራተኛውን ጥያቄ አየሁት። የልብ ሴሎች ሲሞቱ ምን ይሆናል ይላል። መልሷ አምና እኔ እንዳስገለበጥኳት ነው፣ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ፊደል ሳይሳሳት፤ አይተኩም፣ በቦታቸው ጠባሳ ይቀራል። ከስሩ በአማርኛ አንድ መስመር ጨምራለች።

«ይሄን ለፈተና ብዬ አልጻፍኩትም።»

ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ ብዙ ቆየሁ። አማርኛ ለጻፈ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል ይላል ደንባችን። አልቀነስኩባትም።